ጥርስህ ያረፈበት ድንጋይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፣ ሰኔ 1988 ዓ.ም.

ውድ ዓብዩ፣

ደህና መሆንህን ካስጠጋህ ከጓደኛህ ከንጉሡ ሰምቻለሁና በሰላምታ አላደክምህም። እዚሁ ማዶ ያለው አሌክሳንድሪያ ተስማምቶታል አለኝ። በሰው ሶፋ ላይ ጉልበቱን አጥፎ የሚያድር ሰው ምን እንደሚስማማው እንጃ፤ ብቻ እግዚአብሔር ያስማማህ። ስልክ ያልደወልኩት ቁጥሩ ጠፍቶኝ አይደለም። ብደውል ዝም ትለኛለህ፤ አንተ ዝም ስትል እኔ እናደዳለሁ፤ ስናደድ ደግሞ አፌን ታውቀዋለህ። በፋሲካ ማግስት ያልኩህ ለሁለታችንም ይበቃናል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ መጻፍ ይሻለኛል አልኩ።

አንድ ነገር ተምሬልሃለሁ። በአርባ ሰባት ዓመቴ፣ የዚህ አገር ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን ነገር።

ባለፈው ማክሰኞ እዚያው ዊተን፣ ሽማግሌ በምንጦርበት ነርሲንግ ሆም፣ ከአሰፋሽ ጋር የአንዲት አሮጊት አልጋ እናነጥፋለን። አሰፋሽን ታውቃታለህ፤ አምና የማኅበሩ ተራ ደርሶን ድፎውን የጋገረችልን፣ ሳቋ ቀድሟት በር የሚገባው። እማዬ ከደብረ ብርሃን ደውላ እንደነበር ስነግራት ወሬው ወደ ወንድሜ ወደ ኪዳኔ ዞረ። እሱና አንተ በአንድ ሳምንት እንደታሰራችሁ፣ አንድ ክፍል ውስጥ እንደነበራችሁ፣ አንተ ወጥተህ እሱ እንዳልወጣ ልነግራት ስጀምር ኮርኒሱ ላይ ያለው ነጭ ክብ ነገር ጲጵ አለ።

እጄ እኔን ሳይጠይቅ ወደ አፌ ሄደ። አንሶላውን በአንድ እጄ እንደያዝኩ፣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ቀጥ አልኩ። ልክ አንተ እንደምታደርገው።

«ምነው?» አለችኝ።

«ዝም በይ፤ ይሰማል» አልኳት በሹክሹክታ፣ በዓይኔ ወደ ላይ እያሳየኋት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቴን ስታየው ግን ሳቋን ቶሎ መለሰችው። ትራሱን አስቀምጣ እጄን ያዘችና፣ «መነንዬ፣ እሱ እኮ የጭስ ነው» አለችኝ። «ቤት ሲቃጠል የሚጮኸው። እንዲህ ጲጵ የሚለው ባትሪው ሎው ሲሆን ነው፤ ቼንጅ ካደረጉት ይተዋል።»

«የእኛም ቤት?»

«የእናንተም ቤት» አለችኝ፣ ዓይኗን ከእኔ መልሳ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ የሰው ቤት ገብቶ የሰው ኮርኒስ ማነወር ደስ አላላትም፤ ደግሞ የለመዳችሁት መስሎኝ ነበር አለች። ለካስ ቤታችን የመጣ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ማኅበርተኛው ሁሉ ጲጵ ሲል ሰምቶ እንዳልሰማ ድፎውን ይበላል፤ እኛ ደግሞ፣ አይ የዋህነታቸው፣ ምን እንደሚያወሩ የት እንደሚያወሩ አያውቁም እያልን እናዝንላቸዋለን። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ባትሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ፣ ይኼ ፖዘቲቭ፣ ይኼ ኔጋቲቭ ብዬ ስንቱን ልጅ ያስጠናሁ። ይኼንን ለማንም እንዳትነግሪ ብዬ አሰፋሽን አስምያታለሁ፤ ለአንተ ግን እየነገርኩህ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አስታውሰው እስቲ። በረዶው ደጁን ዘግቶት ሥራ ያልገባንበት ቀን ነበር። ሽሮ እየበላን ነው። ከታሰርክ ጀምሮ፣ ከወጣህም በኋላ፣ በሱዳንም፣ እዚህም፣ የኪዳኔን ስም በአፍህ ጠርተህ አታውቅም ነበር። እኔም አልጠየቅኩህም። ሰማንያ ሦስት ላይ እስር ቤቱ ሁሉ ሲከፈት እሱ አለመውጣቱን ስንሰማ፣ ሁላችንም የሆነውን ተረድተናል፤ አፉን ሞልቶ ሞቷል ያለን ሰው ግን የለም። ያን ቀን ምን እንደነካህ አላውቅም፣ እጅህን ከትሪው አነሳህና «ኪዳኔን ከክፍላችን የጠሩት ጊዜ...» ብለህ ጀመርክ። እኔ የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩ። እዚያ ላይ ነው ጲጵ ያለው።

ፊትህ አመድ ሆነ። ግንባርህ ላይ ላቡ ችፍ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያ ድንጋጤ የውሸት አልነበረም፣ ዛሬም እምልልሃለሁ። ተነስተህ ከነጩ ክብ ሥር ቆመህ ያችን ቀይ መብራት ስታያት ቆየህ፤ ከዚያ ጣትህን ከንፈርህ ላይ አደረግክ። እኔም አልሳቅኩብህም። ራዲዮ ከፍ አድርጎ በሰማ ሰው ላይ ጎረቤቱ ለቀበሌ የሚናገርበትን ዘመን አብረን ነው ያሳለፍነው። አሜሪካ ቢሆንስ፣ ስደተኛ መሆናችንን ያውቃሉ፣ ምን ይታወቃል አልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ኪራዩን፣ ሺፍቱን፣ የበርበሬውን ነገር እቤት እንነጋገራለን፤ ቁም ነገር ከመጣ ኮት ለብሰን ስላይጎ ክሪክ፣ ወንዟ ዳር እንወርዳለን።

ያም ሆኖ የኪዳኔ ነገር የትም አልሆነለትም። ክሪኩ ዳር ስጠይቅህ «ይኼ የመንገድ ወሬ አይደለም፣ ቤት» ትለኛለህ። ቤት ስጠይቅህ ወደ ላይ ታሳየኛለህ። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው እንዲህ ስንል። አንዳንዴ ደግሞ ጩኸቱ ለብዙ ቀን ይጠፋል። እፎይ፣ ተወን ብዬ ልጠይቅህ ልቤን ሳዘጋጅ፣ ከሥራ ስመለስ እንደገና ጲጵ ይላል። አየሽ፣ አልሄዱም ትለኛለህ። ምንም አልጠረጠርኩም። እንዲያውም ማታ ሥራ የምገባበትን ሳምንት ጠብቆ መምጣቱን አስተውዬ፣ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሲያገኝህ ነው የሚደፍረው ብዬ ነበር።

በፋሲካ ማግስት እማዬ የደወለችውን አብረን ሰማን። ጎረቤት ቤት ሄዳ ነው የደወለችው፤ ድምፅዋ እንዴት እንደደከመ ሰምተሃል። ለሁሉም ሙት ቀን አለው፣ የእኔ ልጅ ብቻ ነው ቀን የሌለው፣ ሳላስቀድስለት፣ ደሃ ሳላበላለት ልሄድ ነው አለች። ቄሱ በፈለጉት ቀን ይሁን ብለዋታል፤ እሷ ግን እምቢ አለች፣ ባልሞተበት ቀን ማን ብዬ ልጥራው ብላ። ስልኩ ሲዘጋ ዞር ብዬ አየሁህ። ቀኑን የምታውቀው አንተ ነህ። በዚህ ምድር ላይ አንተ ብቻ ነህ።

ጠየቅኩህ። ጲጵ አለ። ጣትህን አነሳህ።

ያን ጊዜ ነው ያልኩህ፤ «ወይስ አንተ ነህ የጠቆምክበት?»

አልተቆጣህም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጣትህን ከከንፈርህ አውርደህ፣ ጃኬትህን አንስተህ፣ ልብስህን በዚያች ትንሽ ቦርሳ ከትተህ ወጣህ። ራዲዮህን እንኳ አልያዝክም። በነጋታው ንጉሡ ኮል አድርጎ እሱ ጋ መሆንህን ነገረኝ። እኔም በልቤ ፈረድኩ። ሁለት ነገር አስብ ነበር፤ ወይ አእምሮው ተነክቷል፣ ወይ ወንድሜን አሳልፎ ሰጥቷል። ሁለቱን እያገላበጥኩ ስንት ቀን ዋልኩ፣ ጲጵ ሲል እየሰማሁ።

እንግዲህ ማክሰኞ ከአሰፋሽ ተለይቼ፣ አውቶቡስ የምጠብቅበት ጋ ካለው ፋርማሲ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዛሁ። ሻጯ የቱን ስትለኝ የጭስ አልኳት፣ ድሮ የማውቀው መስዬ። ቤት ገብቼ የወጥ ቤቱን ወንበር አቁሜ ወጣሁ፣ ክዳኑን አዞርኩት፣ አሮጌው ድንጋይ እጄ ላይ ወደቀ። እንደዚያ ነው የሚቀለው። ለዚህ ነው ሁለት ዓመት ብዬ ተናደድኩና ልወረውረው እጄን ሳነሳ፣ ጣቴ ጎድጎድ ያለ ነገር አገኘ። ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። የጥርስ ምልክት ነው።

የራዲዮህን ድንጋይ እንዴት እንደምታደርገው ታውቃለህ። ሲደክምብህ ነክሰህ፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ታስመታዋለህ። ያረጀውን ጥሎ አዲስ መግዛት ነው እዚህ አገር ብዬ ስቀልድብህ፣ ነፍስ አለው፣ ትንሽ ይሠራል ትለኝ ነበር። ኮርኒሱ ውስጥ የነበረው ያው አራት ማዕዘኑ ድንጋይ ነው። ከላይ በኩል ቆርቆሮው ጎድጉዷል፤ መሐል ላይ፣ የጎደለችው የፊት ጥርስህ በምትሆንበት ቦታ ብቻ ደህና ነው። መስኮቱ ላይ የተውካቸውን አምጥቼ አስተያየሁት። አንድ ነው።

ስለዚህ ታውቅ ነበር። መቼ እንዳወቅክ አላውቅም፤ ምናልባት ንጉሡ ነግሮህ ይሆናል፣ ምናልባት አንድ ቀን አንተም አውርደህ አይተኸው። ግን አውቀህ፣ ድምፁ ሲጠፋ የደከመውን ድንጋይ እየመረጥክ ታስገባለት ነበር። ቶሎ ዝም እንዳይል በጥርስህ እየነከስክ።

መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አልዋሽህም። ብቻዬን ቤት ውስጥ ሰደብኩህ። የኖርኩበትን ሹክሹክታ፣ በብርድ ክሪክ ዳር የጎተትከኝን ሁሉ ቆጠርኩብህ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ሥራ ስወጣ ጠብቀህ፣ ያን የታመመ ጉልበትህን ይዘህ ይኼ ወንበር ላይ ስትወጣ አየሁህ። ሚስቴ እብድ ነው ብላ ታስበኝ ይሻላል ያሰኘህ ነገር ምን ያህል ቢከብድ ነው አልኩ። አለቀስኩ ዓብዩ። ለኪዳኔ አልነበረም፣ ለአንተ ነው።

ያልኩህን ቃል መመለስ አልችልም፤ ከአፍ ወጥቷል። ነገር ግን ይኼን ልበልህ። እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ስሙ የወጣው ከአንተ አፍ ቢሆንም እንኳ፣ ያንን አፍ ምን እንዳደረጉት አያለሁ። ስንት ዓመት ፊት ለፊትህ እየበላሁ፣ ጥርስህን ማን እንደወሰደው አንድ ቀን ጠይቄህ አላውቅም። ስለ ወንድሜ ብቻ ነው የጠየቅኩህ። እሱን ዛሬ ነው የገባኝ፤ ከባትሪው ይልቅ እሱን ዘግይቼ ማወቄ አሳፍሮኛል።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። እንዴት እንደሆነ ለእማዬ አያስፈልጋትም። ማን ጠራው፣ ማን ምን አለ፣ አትጠይቅም፣ እኔም አልነግራትም። የምትፈልገው ቀኑን ነው። የሞተበት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር፣ ወሩንና ቀኑን። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈውና ላክልኝ፤ ስምህን አትጻፍበት፣ ሌላ ቃል አትጨምርበት። ሌላ ባዶ ፖስታም፣ ቴምብር ለጥፌበት፣ የእኔን አድራሻ ጽፌበት አብሬ ልኬልሃለሁ። እሷ ታስቀድስለት፣ በሕይወት እያለች። የቀረውን መናገር ስትችል ትነግረኛለህ፤ ካልቻልክም ካንተው ጋር ይቅር።

ድንጋይህንም በዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ሲንኳኳ እንዳትደነግጥ። ኮርኒሱ ላይ አዲሱን አስገብቻለሁ፣ ቤቱ ዝም ብሏል። ጲጵ የለም፣ አንተም የለህም፣ ማታ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ከመጣህ ይዘኸው ና። ለመናገር ገና ከሆንክ አዲሱን አውርደን ያንተን እንመልሰዋለን፤ ጉልበትህን አላምነውምና ወንበሩን እኔ እይዝልሃለሁ። ሲጮህ እሰማዋለሁ፣ ምን እንደሆነም አውቃለሁ፣ አልጠይቅህም።

ቀኑን ግን ቀድመህ ላክልኝ።

ሚስትህ መነን