ለእትዬ ጽጌ ቴሌቪዥን ስንመርጥ

ማክሰኞ

ትልቅ ስለሆነ ብቻ አልገዛም። ለሊያም ቁርጡን ነገርኳት። «ቶንቶን፣ እማዬ የሰው ፊት አይታይም ትላለች። ትልቁን ግዛ፣ አለቀ!» ትለኛለች። እዚህ ሰው አገር ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አጎት ብላ አትጠራኝም፣ ቶንቶን ነኝ።

እናቷ እትዬ ጽጌ ታላቅ እህቴ ናት። ከሆቴል ልብስ ማጠቢያ ሥራዋ ጡረታ ወጥታ ጄኔቭ፣ ፓኪ ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች። ሰሞኑን ቴሌቪዥኗን ታማርራለች። አርጅቷል፣ የሰው ፊት ይደፈርስብኛል ትላለች። ሰባ ዓመት ሊሞላት ስለሆነ እኔና ሊያ አዲስ ልንገዛላት ተስማማን። መምረጡ የእኔ ድርሻ ነው።

ይገባኛልም። አዲስ አበባ ሳለሁ ፎቶ ቤት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ፎቶ አጥቤአለሁ። ጥቁሩ ጥቁር ካልሆነ ነጩም ነጭ እንደማይሆን እዚያ ነው የተማርኩት። ዛሬ በምኖርበት ሽሊረን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ብደረድርም ምስል ማየት አልረሳሁም።

ረቡዕ

ከሥራ ወጥቼ ዋሊሰለን ወዳለው የገበያ ማዕከል ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ስክሪኑ ሁሉ ይጮኻል። ሣሩ ከሣር በላይ አረንጓዴ፣ የሰዉ ፊት ብርቱካን። ሻጯን፣ ጎልማሳ ሴት ናት፣ «ከሱቅ ሞድ አውጥተሽ ፊልም ሞድ ላይ አድርጊልኝ» አልኳት። «ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ የለም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ደረቴን ነፍቼ ነው የዞርኩት።

የገባኝን ሳልረሳው፦

ኦሌድ፦ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ብርሃን ታበራለች። ስትጠፋ ድርግም ነው። ስለዚህ ጥቁሩ የእውነት ጥቁር። ከጎን ቢያዩትም ቀለሙ አይለወጥም።

ኤልኢዲ የሚሉት፦ መብራቱ ከጀርባ ነው፤ የፊቱ ስክሪን ይጋርደዋል። ጋርዶ ስለማይጨርሰው ጥቁሩ አመድ ይመስላል። ግን ብርሃኑ ኃይለኛ ነው።

ሚኒ ኤልኢዲ፦ የጀርባው መብራት በብዙ ትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሏል። ምስሉ የጨለመበት ቦታ ላይ ያለው ብቻ ይደበዝዛል። ጥሩ ነው፤ ነጭ ጽሑፍ ዙሪያ ግን አንዳንዴ ጭጋግ አያለሁ።

ስምንት ኬ የሚሉት የምስል ጥራት፦ ለእሷ ሳሎን ከንቱ ነው። አራት ኬ ይበቃል፣ ይተርፋል።

ውሳኔ፦ ኦሌድ፣ ሃምሳ አምስት ኢንች። አልጠራጠርም።

ሐሙስ

ተጠራጠርኩ። ካርቶን እያነሳሁ ድንገት የሳሎኗ መስኮት ትዝ አለኝ። በእረፍት ሰዓት ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ፀሐይዋ ከየት በኩል ነው የምትገባው?»

«ከሰዓት ቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ነዋ! ደሞ ስለ ፀሐይ ልትጠይቀኝ ደወልክ?»

ይኸው! ምናልባት ፊት የሚያደፈርስባት ነጸብራቁ ነው። እንደ ኦሌዱ ያለ አንጸባራቂ ስክሪን ብገዛላት ጭራሽ መስታወት ገዛሁላት ማለት ነው። ሳሎኑን ሳላይ አልገዛም። መሞከሪያ ምስሎች ፍላሽ ላይ ጫንኩ፦ አንድ ሙሉ ጥቁር፣ አንድ ከጥቁር እስከ ነጭ በደረጃ የሚሄድ፣ አንድ ደግሞ እንደ ሂሳብ ደብተር ባለ አራት ማዕዘን መስመር፣ መሃሉ ላይ ነጥብ ያለው። የመጨረሻው የምስሉ ጠርዝ ተቆርጦ እንደሆነ ያሳያል።

ዓርብ

ሥራ በዛ። ለነገ ጠዋት የጄኔቭ ባቡር ቲኬት ቆረጥኩ። ሌላ የለም።

ቅዳሜ

ማታ ነው የምጽፈው።

እኩለ ቀን ላይ ደረስኩ። መጋረጃውን ዘግቼ ፍላሹን ሰካሁ። ቴሌቪዥኑ አሮጌ ነው፤ ጥቁሩ አመድ ነው፤ ግን ፊት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ግራ ገባኝ። ባለ መስመሩን ምስል አመጣሁ።

«መሃል ያለችውን ነጥብ እያየሽ፣ መስመሮቹ እስከ ጠርዝ ይታዩሻል?»

«ጠርዙስ ይታያል። መሃሉ ነው እንጂ እንደ ተጨማደደ ሽቦ የተጣመመው። አላልኩህም? ተበላሽቷል!»

መስመሮቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ናቸው። አንድም የተጣመመ የለም።

ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ አስሸፈንኳት። «አሁንስ ቀጥ አለ» አለች። ግራውን አስሸፈንኳት። ቀስ ብላ፣ «ነጥቧ የለችም» አለች።

ሁለታችንም ቴሌቪዥኑን ረሳነው።

«ሰው መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ በድምፁ ነው የምለየው» አለችኝ። «ከእርጅና ነው ብዬ ነው። ለሊያ እንዳትነግራት።»

«እነግራታለሁ። ነጠላሽን ልበሺ፣ እንሄዳለን።»

«ምሳ ሳትበላ?»

«ሳልበላ።»

የዓይን ድንገተኛ ክፍል ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ሐኪሟ ቀኝ ዓይኗን ፎቶ አንስታ አሳየችን። ከዓይኗ ጀርባ፣ ምስል በሚያርፍበት ቦታ ሥር፣ አዲስ ደም ሥር በቅሎ ፈሳሽ ያፈሳል። ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ይገታል፤ ቢዘገይ ኖሮ የጠፋው አይመለስም ነበር። ቀጠሮ ለሰኞ። «እንዴት አወቃችሁ?» ብላ ጠየቀችን። «ቴሌቪዥን ልንገዛ ብለን» አልኳት። ሳቀች። እትዬ አልሳቀችም።

እሑድ

ትናንት ደውዬ ስለነገርኳት ሊያ ከምትኖርበት ከሎዛን መጣች። ደጃፉ ላይ አለቀሰች። «ማማ፣ ለምን ለእኔ አልተናገርሽም?» እትዬ ተቆጣቻት፤ «ገና ለመርፌ ታለቅሻለሽ እንዴ? ግቢ!» ከዚያ ራሷም ዓይኗን ጠረገች።

ሱቅ ዝግ ነው። አሮጌውን አስተካከልኩላት። የምስሉን ጠርዝ ከልክ በላይ የሚያሾለውን ማስተካከያ አጠፋሁ፣ ንፅፅሩን ጨመርኩ። ሐሳቤም ተገለበጠ፦ አሁን የምፈልገው ኃይለኛ ብርሃን፣ የማያንጸባርቅ ስክሪን፣ ሰፊ ምስል ነው። ትልቁን ግዛ ያለችው ሊያ ልክ ነበረች። ነገርኳት። ሁለቴ አስደገመችኝ።

ሰኞ

መርፌው ተሰጣት። እጄን ጨምቃ ይዛ ነበር። ሐኪሟ «ጨርሻለሁ» ስትላት «ጀመርሽ እንዴ?» አለቻት። ኮሪደሩ ውስጥ ግን ክንዴን ይዛ ተቀመጠች። ለአለቃዬ ደውዬ ሁለት ቀን ፈቃድ አገኘሁ።

ማክሰኞ

ሦስታችን እዚያው ጄኔቭ ወዳለ ሱቅ ሄድን። አፌን ዘግቼ እንድትመርጥ ለእትዬ ተውኩት። በጣም ከብዶኝ ነበር።

ኦሌዱ ፊት ተቀመጠች። ውብ ነው፤ የእኔ ልብ እዚያው ቀረ። «እዚህ ውስጥ የማየው ሻጩን ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ሰውየው ከኋላችን ቆሞ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ቀጥሎ የማያንጸባርቀው ሚኒ ኤልኢዲ፣ ስልሳ አምስት ኢንች። አንዲት ሴትዮ ዜና ታነባለች። እትዬ ረጅም ጊዜ አየቻት። «ይቺ ልጅ ጥርሷ መሃል ክፍተት አላት» አለች።

ሊያ ወደ ሻጩ ሮጠች።

ረቡዕ፣ ባቡር ውስጥ

ጠዋት አዲሱን ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ ሰቅለንላት ወጣሁ። ሐኪሟ ምን ያህሉ እንደሚመለስ ቃል አልገባችም። በየወሩ መርፌ አለ፤ ሊያ አብራት ትሄዳለች። ግራ ዓይኗ ደህና ነው። እስከ አሁን።

ሎዛን ካለፍን በኋላ ስለ ራሴ አሰብኩ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። የአንድ እናት ልጆች ነን። ዓይኔን የተመረመርኩት መቼ ነው? አላስታውስም። ስልኬን አውጥቼ ሽሊረን ለሚገኝ የዓይን ሐኪም ደወልኩ። ሐሙስ ጠዋት ቦታ አለን አሉኝ።

እሺ አልኩ። ትንሽ ፈርቻለሁ፤ ግን ሐሙስ ነገ ነው።