ጋርላንድ እጁን ሲታጠብ

ወንድም ሮስኮ፣

ለከተማችን ምእመናን በሙሉ በይፋ ይነገር፦ የምክር ቤቱ ካፍቴሪያ የሚሸጠው የኮክ ኬክ ከባለቤትህ ኬክ ይበልጣል። ሐዘንህን ቻለው።

ዛሬ ከምክር ቤቱ የተመልካቾች ሰገነት ላይ ተቀምጬ፣ የዘር ጥላቻንና የነጭ የበላይነትን የሚያወግዘው የውሳኔ ሐሳብ ድምፅ ሲሰጥበት አየሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ድምፅ ስጡ ሲባል አንተ እንቅልፍ የወሰደህ ትመስላለህ፤ እዚህ ደግሞ ተወካዮቹ ሽንት ቤት ይሄዳሉ። የኛው ተወካይ የጋርላንድ ወንበር ባዶ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን በር በጥላቻ ምልክት የቀቡት ጊዜ "ከጎናችሁ ነኝ" ብሎ የማለልን ጋርላንድ! ወርጄ ስፈልገው ሽንት ቤት እጁን ሲታጠብ አገኘሁት፤ ቆዳው ሊላጥ ደርሷል።

"አባባ ቨርጂል፣ እደግፋለሁ ካልኩ በሚቀጥለው ምርጫ አለቀልኝ። እቃወማለሁ ካልኩ ደግሞ እናንተን በምን ዓይኔ አያለሁ?" አለኝ።

"አንተ ልጅ፣ ሳሙናው ድምፅ አይሰጥልህም! ውጣ!" አልኩት።

ወጣ። ድምፅ መስጫው ሊዘጋ ሲል፣ ሰሌዳው ላይ በስሙ አጠገብ የድጋፉ አረንጓዴ መብራት ቦግ አለ። የውሳኔ ሐሳቡ በጥቂት ድምፅ ልዩነት ወደቀ። እሱን ግን እሁድ ሲመጣ ጨብጡት፤ እጁ እንደሆነ ንጹሕ ነው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ጉልበትህንስ እንዴት አደረገህ? ደግሞ ያቺ የሳሙና ንግግር ፈጠራዬ ናት። እኔ ያደረግኩት በሩን ከፍቼ መያዝ ብቻ ነው።

ቨርጂል