እንግሊዝኛ የተማረችው በቅሎ

ሰቆጣ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለምንዋጋው፣ ደሴ። ሰላምታዬ ተራራውን ሁሉ አቋርጦ በጤና ያግኝህ።

በቅሏችን እንግሊዝኛ መማሯን በታላቅ ክብር አስታውቅሃለሁ። «ሁድዊንክ» ማለት ማታለል ነው፤ ጥንት ግን ዓይንን በቆብ መሸፈን ነበር ብለህ ጽፈህልኝ የለ? እኛስ ይህችን ደንባሪ የምንጭናት ዓይኗን በነጠላ ሸፍነን አይደል! ቃሉን ብጠራላት ራሷ አንገቷን ደፋች።

አያትህ አገኘሁሽ ደህና ናት። ትናንት በጠራራ ፀሐይ ፊቷ ብቆም፣ «ደጅይጥኑ ነህ? ግባ ጎረቤቴ፤ ያ ቀልደኛ ሽማግሌ የት ሄደ?» አለችኝ። እንዳታፍር ብዬ በደጅይጥኑ ድምፅ «ገበያ ወርዷል» አልኩና ለእሱ የተቀዳውን ጠላ ጠጣሁ፤ የራሴንም ሐሜት ቁጭ ብዬ ሰማሁ። «የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳ የለውም» ስለምትልም ክሯን የጎረቤት ልጅ ታስገባላታለች።

ልጄ፣ ክረምቱን አትጠብቅ፤ ለገና ና። ነጭ ሸሚዝ ልበስ፤ ስትስማትም ቶሎ አትራቅ፣ ፊት ለፊቷ ቆይላት።

በል፣ ያሳደገህ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ። በቅሎዋ አንገቷን ደፋች ያልኩህ የራሴ ፈጠራ ነው። ከዚያ በታች ባለው ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

አያትህ ተስፋው