ሚሞሪው ላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ሚስትህ ነው፤ አንብበህ እስክትጨርስ ያንን ስልክህን አስቀምጠው።

አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በካሜራ ባለሙያነት ሊቀጥራት ፈልጓል። ሥራው ሌላ ከተማ ነው። እነሱ የእሷን መልስ ሲጠብቁ ከረሙ፤ እሷ ደግሞ አንተን ስትጠብቅ ከረመች።

እንዴት እንዳገኟት ልንገርህ። አንድ ሰርግ ላይ አንተ ካለህበት አገር በላክልን የካሜራ ሚሞሪ ካርድ እየቀረጸች፣ እኔም መብራት ይዤላት፣ ልክ ሙሽሮቹ አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ካሜራው ቀጥ አለ። ሚሞሪው ቀርፋፋ ነው የሚል ጽሑፍ ብቻ ብቅ አለ። እኔ ክው አልኩ። እሷ ፊቷ እንኳ አልተለወጠም። "ሙሽሮች፣ እንዲህ አምራችሁ ዝም ብላችሁ ልትገቡ ነው? ቆም በሉና ልያችሁ እንጂ!" ስትላቸው በሳቅ ፈነዱ። እነሱ ሲስቁ የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ አድርጋ መቅረጿን ቀጠለች። የሙሽራው አጎት ጣቢያው ውስጥ አለቃ ናቸው፤ ይህን ቆመው ያዩ ነበር።

ቤት ስንገባ "ይኼ ሁሉ ቁጥር ተጽፎበት እንዴት ይቀረፍፋል?" አልኳት።

"እማማ፣ ትልቁ ቁጥር ምን ያህል እንደሚይዝ ነው። ይኼ ሁለተኛው ደግሞ ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ ያለው ፍጥነት ነው፣ እሱም ሲቀናው። ለቀረጻ የምናየው ቪ ከምትለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል አጠገብ ያለችውን ትንሿን ነው። ሠላሳ ካለች፣ ምንም ቢመጣ በሰከንድ ከሠላሳ ሜጋባይት በታች አልጽፍም ማለቷ ነው። የእኛው አሥር ነው።"

"ታዲያ ልጄ ይህን አያይም?"

"ሁሉም ሰው ትልቁን አይቶ ነው የሚገዛው። አይፍረዱበት።"

ልጄ፣ እኔ በዚህች ልጅ ኮርቻለሁ። ከሄድክ ወዲህ የቪዲዮ ስቱዲዮአችሁን ብቻዋን ይዛ፣ እኔን አስታማ፣ ከፍቷትም አሟትም ከዚያች ከትንሿ ቁጥር በታች ወርዳ አታውቅም። አንተ ስትደውል ግን "እሷስ ደህና ናት?" ብለህ እኔን ትጠይቃለህ። እሷ ከበሩ ኋላ ቆማ ትሰማለች።

ትናንት "እማማ፣ እሱ መጥቶ ቢያጣኝስ?" አለችኝ። አንተ የአብራኬ ክፋይ ነህ፤ ግን ይመጣል ብዬ መዋሸት አቃተኝ። "ሂጂ" አልኳት። ተቃቅፈን አለቀስን። ነገ ጠዋት ትሄዳለች፤ ሻንጣዋን የማስተካክልላት እኔ ነኝ።

ባለህበት ጤና አይለይህ። የእሷንም መንገድ ያቅናላት።

የሁለታችሁም እናት