የጥሩዬ ወተት

ረቡዕ፣ ኅዳር 19 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ቆቦ

ጎረቤቴ ጥሩዬ ዛሬም ከመደቧ አልተነሳችም። ትንሿ ልጇ ከሞተች ወዲህ ሰውነቷ አልቋል። ባሏም እህል ፍለጋ ወደ ዋጃ እንደወጣ ቀረ። ለረሃቡ ከተከፈተው መጠለያ የዱቄት ወተት ሰጥተዋት ነበር። በጥብጬ ባቀርብላት፣ «በነቢያት ጾም ወተት? አንቺ ሴትዮ፣ የቀረኝ ጾሜ ብቻ ነው፤ እሱንም ልግደፈው?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተለማመጥኳት፣ ተቆጣኋት፣ እምቢ።

ከቤቴ ቤቷ ስመላለስ ዋልኩ። ልጸልይ ብቆምም ልቤ እሷ ዘንድ ነው፤ አፌ ይንቀሳቀሳል እንጂ ምን እንዳልኩ እንኳ አላውቀውም። ሲጨንቀኝ የንስሐ አባቷን መምሬ ፈንታን ይዤ መጣሁ።

«ልጄ፣ በሽተኛ ጾም የለባትም። ፈትቼሻለሁ፣ ጠጪ» አሏት።

«እርስዎስ ይጠጡታል?» አለቻቸው። ድፍረቷ!

መምሬ ኩባያውን አነሱና አንዴ ተጎንጭተው ሰጧት። ያን ጊዜ ጠጣች።

እሳቸው ሲወጡ፣ «እስቲ አባታችን ሆይን በይልኝ፣ እኔ ደክሞኛል» አለችኝ። ጀመርኩላት። የዕለት እንጀራችን የሚለው ላይ ስደርስ አቆምኩ። በዚህ ዘመን በምን አፌ ልበለው?

ጥሩዬ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ምነው ቆምሽ? እሱን ነው እንጂ ደጋግሞ ማለት!» አለችኝ።