ለሦስት ያልተካፈለው መጠን

ታላቅ ወንድሜ ከልብስ ሰፊ አባታችንና ከአዋላጅ እናታችን በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታችን «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» እያሉ ስላሳደጓቸው፣ በትምህርት ቤት በሒሳብ የሚደርስባቸው አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. በፋርማሲ ሙያ ተመርቀው በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ተቀጠሩ። በ1974 ዓ.ም. ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ዜሮ» ይሏቸው ነበር። ግማሽ ሚሊግራም (0.5) ሲጽፍ ከነጥቡ በፊት ዜሮ የዘለለ ሰው ከቁጣቸው አይተርፍም፤ ነጥቧ ከደበዘዘች ግማሹ አምስት ሆኖ ይነበባላ! የልጆች መድኃኒት በኪሎ ሲሰላ ደግሞ፣ ሌላ ባለሙያ የመጀመሪያውን መልስ ሳያይ ለብቻው እንዲያሰላ ደንብ ያወጡት እሳቸው ናቸው።

በ1989 ዓ.ም. ለአንዲት የአራት ዓመት ሕፃን የአስም ሽሮፕ አሰሉ። በክብደቷ ያባዙት ልክ ነበር። የቀኑን መጠን ግን ለሦስት ማካፈል ዘንግተው፣ በየስምንት ሰዓቱ ሙሉውን እንድትወስድ ጻፉ። ሁለተኛው ባለሙያ ማስላት ነበረበት። «ጋሽ ዜሮ ደግሞ ይሳሳታሉ እንዴ?» ብሎ ፈረመ። ማክበሩ ነው እኮ! ይኸው አክብሮት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሕፃኗ በማግስቱ አረፈች።

ወንድሜ ጥፋቱን በማንም አላላከኩም። እናቷ ቤት ድረስ ሄደው እውነቱን በራሳቸው አንደበት ነገሯቸው፤ እናትየው በሩን ዘጉ። ከዚያ ወዲያ እስከ ጡረታቸው መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድሩ ኖሩ እንጂ ለማንም መድኃኒት አልሰጡም። ያ ጨዋታ አዋቂ ሰው ሳቅ ረሳ። ጊዜ ይሽረዋል ብለን ነበር፤ አልሻረውም።

ባለፈው ዓመት የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። የሕመም ማስታገሻውን መጠን ባለቤታቸው ያሰላሉ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ለብቻቸው ያሰላሉ። ሲገጥም «ልክ ነው» ይሉና ይጠጣሉ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ባለቤታቸው መልሱን ነግረዋቸው ጠበቁ። ደግመው ነገሯቸው። ወንድሜ አርፈው ነበር።

ዘመዶቻችን ይህን አነባለሁ ስላቸው «የሞተ ሰው ነውሩ ይሸፈናል» ብለው ተቆጥተውኛል። «በቀብሬ ላይ ይነበብ» ያሉት ግን ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ልጅ እንዳትሞት። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኔን ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። እዚህ የቆማችሁ የሙያ ልጆቻቸው፣ በእውነት ካዘናችሁላቸው፣ ነገ ሥራ ስትገቡ ማንንም አክብራችሁ አትፈርሙ፤ አስሉ።

ፈጣሪ ለነፍሳቸው በዚህ ዓለም ያጣችውን ዕረፍት ይስጣት።