ለጠመንጃ ባዛሩ አዘጋጅ፦ ከበሩ ውጭ ስለቀረው ጥበቃ

ለተከበሩ አቶ ዴልበርት ክራውስ
የሎክሪጅ ወረዳ የባዛር ሜዳ ሥራ አስኪያጅ
ኬንታኪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና በቅርቡ ለወለደችው ልጅዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የወገብ ሕመምዎ እንደተሻለዎት ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የመኪናዎ መስታወቶችም ሁሉም በየቦታቸው እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስሜ ቨርና ሆልብሩክ ይባላል። በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ሮይስ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል። በሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ባለፈው የቦርዱ ስብሰባ ላይ እንድናገር በደግነት የፈቀዱልኝን ጊዜ ማይክራፎኑን ይዤ ዝም ብዬ ስለጨረስኩት፣ ያን ዕለት ከአፌ ያልወጣውን የወረዳችን ጋዜጣ እንዲያትምልኝ ለምኛለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመጪው ቅዳሜ የጠመንጃ ባዛሩ ሲከፈት መኪና ማቆሚያው ላይ ጥበቃ ይኑር። ከልመናዬ በፊት ግን ምስጋናዬን ማቅረብ ይገባኛል።

1ኛ፦ በአዳራሹ በር ላይ ስላቆሟቸው ሁለት የሸሪፍ ሰዎች አመሰግናለሁ። ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን በትሕትና ይነግሩናል፤ የያዘ ሰው ካለም አራግፈው፣ ዳግመኛ እንዳይጎርስ በቢጫ ፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍረው ይመልሱለታል። ሮይስ ከአባቱ የወረሳት ባለ እንጨት እጀታ ሽጉጥ ነበረችው። በሚያዝያው ባዛር ወረፋውን ከሩቅ አይቶ፣ «የአባቴን ሽጉጥ እንደ ቆሻሻ ከረጢት አላስቋጥርም» አለና የአገራችን ወንዶች በዚያ ሜዳ ላይ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን አደረገ፤ እንደጎረሰች ከፒካፕ መኪናችን መቀመጫ ሥር አስገብቶ የሥራ ጃኬቱን ደረበባት። በግራችን ያቆመው ሰውም እንዲሁ ሲያደርግ አይቻለሁ፣ በቀኛችን ያቆመውም። ደንብዎ በሚገባ ተከብሯል ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው መሣሪያ ሁሉ እንደ ማንኪያ ሰላማዊ ሲሆን፣ ጥይት የጎረሰው ደግሞ ሜዳው ላይ ብቻውን ቀረ።

2ኛ፦ ለሌቦች ድካም ስለታሰበላቸውም አመሰግናለሁ። ይህ እንኳ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ደግነት ነው። በየመኪናችን የኋላ መስታወት ላይ የሽጉጥ ፋብሪካ ምልክትና «ባለቤቱ ታጥቋል» የሚል ጽሑፍ እንለጥፋለን፤ ስለዚህ የትኛውን መኪና መስበር እንደሚያዋጣ ሌባው መገመት አይኖርበትም። በወረፋው ላይ ከፊታችን ቋንጣ እያኘከ የቆመ ባለ ቀይ ኮፍያ ሰው፣ «እዚህ መጥቶ መኪና የሚሰብር ሌባ ካለ መሞት ያማረው ነው!» ሲል ጓደኛው ምን አለው መሰለዎት? «ዝም በል ባክህ! ሽጉጥህን መኪና ውስጥ ጥለህ መጥተህ በምን ልትተኩስበት ነው፣ በቋንጣህ?» ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ሮይስም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

3ኛ፦ በዚያው ቀን ሕዝቡ እንዳይደነግጥ ስላደረጉት ጥንቃቄ የማመሰግንበት ቃል ይቸግረኛል፤ ቢሆንም እሞክራለሁ።

የአጋዘን ቋንጣችንን ገዝተን ስንወጣ የፒካፑ መስታወት ረግፎ መቀመጫው ላይ እንደ ጨው ተበትኗል። ሽጉጧን እንጂ ጃኬቱን አልወሰዱም፤ እንዲያውም አጥፈው ወደ ጎን አስቀምጠውታል። በግራም በቀኝም ያሉት መኪናዎች ተሰብረዋል። ቆመን እያየን ሳለ ከታችኛው ረድፍ ሌላ መስታወት ሲሰበር ሰማን። ሌቦቹ ገና አልሄዱም ነበር፣ አቶ ክራውስ። እየሠሩ ነበር። የሮይስ ጉልበት ስለማያስሮጠው ወደ ቢሮዎ የሮጥኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎም ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ይህን አልረሳም።

«እመቤቴ፣ ይረጋጉ እስቲ» አሉኝ። «አሁን በድምፅ ማጉያው ብናገር አዳራሹ ባዶ ሊቀር ነው። የጠመንጃው ዕጣም ሊወጣ ነው።»

የማቆሚያውን የታችኛውን በር ብቻ እንዲያዘጉልኝ፣ መኪና እንዳይወጣ ብቻ፣ ለመንኩዎት።

«በማን ላዘጋው? ሁለቱ ልጆች የአዳራሹን በር እየጠበቁ ነው። ውስጥ ስንት መሣሪያ እንዳለ ያውቃሉ?»

አውቅ ነበር። ሁሉም በቢጫ ማሰሪያ ታስረው ነበር።

ከዚያ ድምፅ ማጉያውን አነሱና የዕጣውን አሸናፊ ስም ጠሩ። አንድ ሽማግሌ አዲስ ጠመንጃ ደረሳቸው፣ አዳራሹም አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያባራ ግራጫ ሚኒባስ በታችኛው በር ወጣ፤ ሮይስ ቆሞ አይቶታል። ማንም ስላላሳደደው አልቸኮለም፤ እንደ ጨዋ ሹፌር ፍሬቻ አብርቶ ነው ወደ ዋናው መንገድ የታጠፈው። ፖሊስ በኋላ እንደነገረን ሌቦቹ የነበሩት እዚያ ውስጥ ነው።

ኮሪን ስቴድማንን ያውቋት ነበር ብዬ አስባለሁ። በአሮጌው የማዕድን መንገድ ላይ ባለው ነዳጅ ማደያ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። ሮይስን «አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬም አልሞትክም?» እያለች ነበር የምትቀበለው፤ እሱም «አንቺን ሳልድር የት እሄዳለሁ?» ይላት ነበር። በሐምሌ ወር ማደያውን የዘረፈ ሰው ገንዘቡን ሰጥታው ሳለ ተኮሰባት። ፖሊሶቹ በተተኮሰባት ሽጉጥ ላይ ያለውን ቁጥር ተከትለው ቤታችን መጡ። በጣም ጨዋዎች ነበሩ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ነው የገቡት። ሮይስ ገና ሳይናገሩ ገብቶት ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ወንበር አጠገቡ እያለ።

ከቀብሩ በኋላ ወደ እናቷ ወደ ወይዘሮ ኢሞጂን ቤት አብረን ሄድን። ሮይስ በር ላይ ቆሞ ሽጉጧ የማን እንደነበረች ነገራቸው። እሳቸውም የበሩን እጀታ እንደያዙ፣ «አንተ አልተኮስክባትም፣ ሮይስ። ግን ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር» አሉት። ሮይስ ከዚያ ወዲህ ነዳጅ የሚቀዳው ሌላ ከተማ ሄዶ ነው። የፒካፑን መስታወትም አላስገጠመም፤ ላስቲክ ወጥሮበት ይነዳል፤ ነፋስ በመታው ቁጥር ይርገበገባል። አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁም።

4ኛ፦ ወረዳው ለጥበቃ አቅም የለውም እንዳይባል ይህንንም ላንሳ። በነሐሴው የእንስሳት ውድድር የአሳማዎቹ በረት ዘበኛ እንዳለው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባትሪ፣ ፊሽካና የሚታጠፍ ወንበር ተሰጥቶታል። ከዓመታት በፊት አንድ ተንኮለኛ የተፎካካሪውን አሳማ ጀርባ አረንጓዴ ቀለም ስለቀባ ነው አሉ። በአሳማዎቹ አልቀናም። ቀለም የተቀባ አሳማ ያሳዝናል፣ ባለቤቱም እንዲያለቅስ አልፈልግም። እንዲያውም ይህ ሜዳ አንድ ክፉ ነገር ከደረሰበት በኋላ መማር እንደሚችል ያየሁት በእነሱ ስለሆነ፣ ለእነሱም ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ከስብሰባው በኋላ የቦርዱ አባላት ማቆሚያው ላይ ያለውን ሰሌዳ አስታውሰውኛል። «መኪና ውስጥ ለተተወ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» ይላል። አንብቤዋለሁ፤ ትልልቅ ፊደል ነው፣ ከሩቅም ይታያል። ከሰሌዳው የጎደለው ንብረቱ ከመኪናው ከወጣ በኋላ ለሚያደርገው ነገር ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን እንደሆነ ነው። ኮሪን መኪና አልነበራትም፤ ወደ ሥራ የምትሄደው በእግሯ ነበር። ወደ ባዛርዎም መጥታ አታውቅም።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ድረስ ጥበቃ ለመቅጠር ጊዜ ካላገኙ አይጨነቁ። ወይዘሮ ኢሞጂንና እኔ የሚታጠፍ ወንበራችንን ይዘን ከታችኛው በር አጠገብ እንቀመጣለን። ፊሽካ ገዝተናል። የሚገባውን ሾፌር ሁሉ መስታወቱን አንኳኩተን፣ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ወደ ቤቱ መልሶት እንዲመጣ እንለምነዋለን፤ እምቢ ካለን ወይዘሮ ኢሞጂን ስለ ልጃቸው ይነግሩታል። እኔ መናገር ስለማልችል ከጎናቸው እቆማለሁ። ይህ ከደንብ ውጭ ከሆነ ሁለቱን የሸሪፍ ሰዎች ከአዳራሹ በር አንስተው ያስወጡን ዘንድ ይላኩብን። እነሱ እኛን ለማስወጣት በሚቆዩበት ጊዜ ያህል እንኳ ማቆሚያው ላይ ጥበቃ ይኖራል።

ሥራ በዝቶብዎት ሳለ ይህን ሁሉ እንዲያነቡ ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በድምፅ ማጉያው የሚጠሯቸው ስሞች ሁልጊዜ የባለ ዕጣዎች ብቻ እንዲሆኑልዎ፣ የቀብር ጥሪ ደግሞ ከደጅዎ እንዲርቅ ከልብ የምመኝ፣

አክባሪዎ
ቨርና ሆልብሩክ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከሸሪፉ ቢሮ ስልክ ተደወለልን። ሽጉጧ የችሎቱ ጉዳይ ሲያልቅ ለሮይስ ትመለሳለች፤ ሕጉ ንብረቱ ናት ይላል። ሮይስ ሊያያት እንደማይፈልግ ሲናገር፣ የደወለው ሰው በቅንነት፣ «እንግዲያው ባዛሩ ላይ ይሽጧት፣ ጥሩ ገዢ አያጡም» ብሎ መክሮናል። ምክሩን ከተቀበልን በደንብዎ መሠረት በር ላይ እናሳስራታለን። እስከዚያ ግን መኪናችንን ከአሳማዎቹ በረት አጠገብ እንድናቆም ይፈቀድልን፤ እዚያ ዘበኛ አለ።